የቀበሮዋ ዱካ፦ በሰሜን እንግሊዝ መንደሮች የወደቁ አውሮፕላኖችን መታሰቢያ ፍለጋ

እንግሊዝ አገር ከከተማ ወጣ ብሎ በእግሩ የተንሸራሸረ ሰው እነዚህን ድንጋዮች ሳያይ አይቀርም። መንደር መግቢያ ላይ ቆመው ታገኟቸዋላችሁ። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥም አሉ። አንዳንዴ ደግሞ በግና ንፋስ ብቻ የሚውልበት ተራራ ጫፍ ላይ። ብዙዎቹ ላይ የሰባት ሰው ስም ተጽፏል። ሰባት የሆነው በምክንያት ነው። ላንካስተርና ሃሊፋክስ የሚባሉት የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከባድ ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች የሚበሩት በሰባት ሰው ነበር። አብራሪ፣ የሞተር ባለሙያ፣ አቅጣጫ መሪ፣ ቦምብ ጣይ፣ የሬዲዮ ሠራተኛ፣ ሁለት መትረየስ ተኳሾች።

በብሪታኒያ የቦምብ ጣይ ዕዝ ሥር 125,000 ያህል ሰው በርሯል። ከእነሱ 55,573ቱ ሞተዋል። ከመቶ 44 ማለት ነው። አብዛኞቹ የሃያ ሁለትና የሃያ ሦስት ዓመት ልጆች ነበሩ። ከሟቾቹ ከ8,000 በላይ የሚሆኑት ደግሞ በጠላት ጥይት አልሞቱም። በሥልጠናና በአደጋ ነው ያለቁት። ጀማሪ አብራሪ፣ ጥቁር ሌሊት፣ ጉም፣ ከፊት ድንገት ብቅ የሚል ተራራ። የሰሜን እንግሊዝ ኮረብቶች በመታሰቢያ የተሞሉት በዚህ የተነሳ ነው።

ዘንድሮ እንቁጣጣሽን ለንደን አክብሬ የቀረችኝን የእረፍት ሳምንት ለእነዚህ ድንጋዮች ሰጠኋት። መኪና የለኝም። በባቡር፣ በአውቶቡስና በእግር ነው የዞርኩት።

ሰኞ፣ መስከረም 5 2018 ዓ.ም. ሼፊልድ

ሼፊልድ መንደር አይደለችም፤ የብረት ከተማ ናት። ጉዞዬን ከእሷ የጀመርኩት ማደሪያ ስላለኝ ነው። ወዳጄ እዚያ ይኖራል። ከባቡር ጣቢያው አውቶቡስ ያዝኩ። ከለንደን ውጭ በብዙ ቦታ የአንድ ጉዞ የአውቶቡስ ዋጋ ከ3 ፓውንድ አይበልጥም። ለንደን 1.75 ለለመደ ሰው ይወደዳል፣ ግን በኋላ እንደምታዩት ገጠር ላይ በ3 ፓውንድ ረጅም መንገድ ይኬዳል።

ኤንድክሊፍ ፓርክ ዳክዬ የሚዋኝበት፣ ልጆች የሚሯሯጡበት ደስ የሚል ቦታ ነው። ከካፌው ጀርባ ዛፍ የበዛበት ዳገት አለ። እዚያ ላይ የካቲት 1944 ዓ.ም. (እንደ ፈረንጆቹ ነው፤ ከጉዞዬ ቀኖችና በኋላ ከማነሳው የደሴ ቀን በቀር ዓመቶችን ሁሉ እንዲያው እጽፋለሁ) አንድ የአሜሪካ ቦምብ ጣይ ወድቋል። «ሚ አሚጎ» ይሉታል፣ «ጓደኛዬ» እንደማለት። ዴንማርክ ውስጥ ያለውን የኦልቦር አየር ማረፊያ ለመምታት ሄዶ ተጎድቶ ሲመለስ ነበር። ከተነሳበት የእንግሊዝ አየር ማረፊያ እጅግ ርቆ እዚህ ዳገት ላይ ተከሰከሰ። አሥሩም ሰዎች ሞቱ። አሥር የሆኑት አሜሪካኖቹ ቢ-17 የሚሉት አውሮፕላን ብዙ ተኳሽ ስለሚይዝ ነው።

በዚያ ሰዓት ፓርኩ ውስጥ ልጆች እየተጫወቱ ነበር። አብራሪው እነሱን ላለመግጨት ሲል ሜዳውን ትቶ ወደ ዳገቱ ወሰደው ይባላል። ከልጆቹ አንዱ ያንን አምኖ አደገ። «በእኔ ምክንያት ሞቱ» እያለ ለአሥርተ ዓመታት ድንጋዩን ሲያጥብ፣ ቅጠሉን ሲጠርግ፣ አበባ ሲያደርግ ኖረ። በ2019 አንድ የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ፓርኩ ውስጥ በአጋጣሚ አገኘውና ታሪኩ በአገሩ ተሰማ። በዚያው ዓመት፣ በ75ኛው መታሰቢያ ቀን፣ የብሪታኒያና የአሜሪካ የጦር አውሮፕላኖች በፓርኩ ላይ በክብር አለፉ። ሕዝቡ በሺዎች ወጥቶ ነበር።

እኔ የደረስኩ ቀን ማንም አልነበረም። ድንጋዩ ግን ንጹሕ ነው። ትናንሽ ባንዲራዎች ተሰክተዋል። ካፌው ገብቼ ሻይ በ2.40 ጠጣሁ። አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። ስነግራቸው ስለ ሩጫ አወሩኝ። ኃይሌን፣ ቀነኒሳን፣ ጥሩነሽን። ስለ አውሮፕላኑ ሳነሳባቸው «እሱማ የእኛ ነው» አሉ። አሥሩም አሜሪካኖች ናቸው እኮ።

ማታ ወዳጄ ቤት ከአዲስ ዓመት የተረፈ ዶሮ ወጥ ጠበቀኝ። አምስተኛ ቀኑ ነው። ዶሮ ወጥ ሲያድር ይጣፍጣል የሚሉት ሰዎች እውነታቸውን ነው።

ማክሰኞ፣ መስከረም 6። ከሊድስ እስከ በክደን

የዛሬው ዕቅድ ቀላል ነበር። ከሼፊልድ ሊድስ፣ ከሊድስ ስኪፕተን በባቡር፣ ከዚያ በአውቶቡስ በክደን የምትባል መንደር። ሊድስ ላይ ተበላሸ። ሰሌዳው ላይ የእኔ ባቡር «ተሰርዟል» አለ። ቀጣዩም ዘገየ። ለምን ብዬ ስጠይቅ የሠራተኛ እጥረት ነው ተባልኩ። ስኪፕተን ስደርስ የከሰዓቱ አውቶቡስ ሄዷል። ወደዚያ ሸለቆ የሚሄደው አውቶቡስ በቀን ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው፤ የሚቀጥለውን ልጠብቅ የሚባልበት መንገድ አይደለም።

ጣቢያው ደጃፍ ላይ የእግር ጉዞ ዱላ የያዙ ባልና ሚስት ቆመው ከታክሲ ሹፌር ጋር ይከራከራሉ። ሁለቱም ሰባዎቹን አልፈዋል። እነሱም የመጡት በዚያው ባቡር ነው፤ የሚሄዱት ኬትልዌል፣ በእኔው መንገድ ላይ። ሹፌሩ እስከ በክደን 60 ፓውንድ አለ። ለሦስት ተካፈልነው። ሃያ ሃያ። እኔ ርቄ ስለምሄድ ልጨምር ብል ሰውዬው እምቢ አሉ። ሴትየዋ ደግሞ ከቦርሳቸው የፍራፍሬ ኬክና አንድ ቁራጭ ነጭ አይብ አውጥተው አንድ ላይ አጎረሱኝ ማለት ይቻላል። ዮርክሻየር ውስጥ ኬክን ከአይብ ጋር ነው የሚበሉት። ግራ ይገባል፣ ግን ይበላል።

መንገዱ ሲጠብ ሲጠብ ሄዶ ሁለት መኪና የማያስተላልፍ ሆነ። ግራና ቀኙ የድንጋይ ካብ ነው። ጭቃ የለው፣ ሲሚንቶ የለው፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ብቻ ተደርድሮ ዳገቱን እስከ ጫፍ ይወጣል። ካቡን ሳይ ሐረርጌና ኮንሶ ትዝ አሉኝ። እኛ ግን እርከኑን የምንክበው አፈር ለመያዝ ነው፤ እነዚህ በግ ለመያዝ።

በክደን የጥቂት ቤቶች መንደር ናት። አንድ መጠጥ ቤት፣ አንድ ትንሽ ሱቅ፣ አንድ መኪና ማቆሚያ። ያደርኩበት የአልጋና ቁርስ ቤት ለአንድ ሌሊት 85 ፓውንድ ነው። ያማል። ነገር ግን ሌላ ምርጫ አልነበረም።

ረቡዕ፣ መስከረም 7። የበክደን ተራራ

ጠዋት የማደሪያዬ ባለቤት የሆኑት ሴት የተለመደውን የእንግሊዝ ቁርስ ሊያቀርቡልኝ መጡ። እንቁላል፣ የአሳማ ሥጋ፣ ቋሊማ። ረቡዕ ነው፣ እጾማለሁ አልኳቸው። ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ቅቤ እንደማይሆን ዘረዘርኩላቸው። አልተገረሙም። «ቪጋን ማለት ነዋ!» ብለው ገቡ። ባቄላ በቲማቲም ስጎ፣ የተጠበሰ እንጉዳይ፣ ደረቅ ዳቦ ይዘው ተመለሱ። እስከ ስድስት ሰዓት መቆየት እንደነበረብኝ አልነገርኳቸውም። ተራራ ሊወጣ ነው ያለ ሰው ይቅር ይባላል ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

የተራራው ከፍታ 702 ሜትር ነው። ደሴ ላደገ ሰው፣ ከ2,400 ሜትር በላይ ለኖረ፣ ይሄ ተራራ አይባልም። ጦሳ ቢሰማ ይስቃል። ነገሩ ግን ከፍታው አይደለም። መሬቱ ነው። ከመኪና ማቆሚያው በድንጋያማ መንገድ ትወጣላችሁ። መጀመሪያ ላይ ደስ ይላል፤ ከታች ወንዙ፣ ከማዶ ክሬይ የምትባል ትንሽ መንደር ቤቶች ይታያሉ። ከዚያ አረንጓዴው ያልቅና ጥቁር ረግረግ ይጀምራል። እግር ይሰምጣል። ንፋሱ ከጎን ይመታል። ጫፉ ላይ ስደርስ ጉሙ ወርዶ የድንጋይ ክምሩን እንኳ ከአሥር እርምጃ በላይ አላይም ነበር። መስከረም ላይ እንዲህ ከሆነ ጥር ላይ ምን ሊሆን ነው?

ታሪኩ የሆነው ጥር ላይ ነው። በጃንዋሪ 1942 መጨረሻ አንድ ዌሊንግተን የሚባል ቦምብ ጣይ ከብራምኮት ማሠልጠኛ ተነስቶ ለልምምድ ይበር ነበር። ውስጡ ያሉት ስድስቱም ፖላንዳውያን ናቸው። አገራቸው በናዚዎች ስትያዝ ወጥተው እንግሊዝ የደረሱ፣ በእንግሊዝ አየር ኃይል ሥር የሚዋጉ ስደተኞች። የበረዶ ውሽንፍር ውስጥ ገቡ። አውሮፕላኑ ይህን ተራራ ገጨ።

ጅራቱ ላይ የነበረው ተኳሽ ጆዜፍ ፉሽኒያክ ነቃ። ቁርጭምጭሚቱ ተሰብሯል። አንድ ጓደኛው ገና ይተነፍስ ነበር። ፓራሹት አልብሶት እርዳታ ፍለጋ ተነሳ። መራመድ ስለማይችል በደረቱ እየተሳበ። በረዶው ሁሉንም ሸፍኗል፤ ወዴት እንደሚወርድ አያውቅም። በዚህ መሃል በረዶው ላይ የቀበሮ ዱካ አየ። ቀበሮ በእንዲህ ያለ ብርድ ሲርባት ወደ ሰው ቤት ነው የምትወርደው ብሎ አሰበ። ዱካዋን ተከተለ። ዱካው ገደሉን እየሸሸ ክሬይ አደረሰው። የመንደሩ ሰዎች አስገብተው አሞቁት። አየሩ ከፍቶ ስለነበር ተራራው ላይ ለቀሩት መድረስ አልተቻለም። ያ ይተነፍስ የነበረው ጓደኛውም አለፈ። ከስድስቱ የተረፈው እሱ ብቻ ነው።

ከጫፉ ወደ ደቡብ ካቡን ይዤ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ሄድኩ። ጉሙ ውስጥ መጀመሪያ ሰው የቆመ መሰለኝ። ነጭ የድንጋይ መስቀል ነው። በ1973 ያቆመው ራሱ ፉሽኒያክ ነው። መንግሥት አይደለም፣ አየር ኃይል አይደለም። እግሩ ሥር ከአውሮፕላኑ ስብርባሪ የቀሩ ብረቶች ተጣብቀዋል። ጥግ ላይ ደግሞ ከነሐስ የተሠራ የቀበሮ ራስ አለ። ጓደኞቹን በመስቀል፣ ያዳነችውን ቀበሮ በነሐስ አሰበ። ቀበሮዋ ላይ ሰው እጁን ያሳርፋል መሰለኝ፣ አፍንጫዋ ያበራል። እኔም ነካኋት።

ብረቶቹን ጎንበስ ብዬ አየሁ። የዌሊንግተን አካል የሚሠራው እንደ መሶብ ከተጠላለፉ ቀጫጭን የብረት ዘንጎች ነበር። አንዱ ቢመታ ሌላው ይሸከማል። ይህን አሠራር ያመጣው ባርነስ ዋሊስ የሚባል መሐንዲስ ነው። ከዌሊንግተን በፊት በዚሁ ዘዴ የሠራው ዌልስሊ የሚባል ቦምብ ጣይ ደግሞ የእኛን አገር ሰማይ ያውቀዋል። በ1940 እና በ1941 ከሱዳን እየተነሳ ኤርትራና ኢትዮጵያ ውስጥ የነበረውን የጣሊያን ጦር ይደበድብ ነበር። ንጉሡ በኦሜድላ ሲገቡ፣ አርበኞቹ ከጫካ ሲወጡ፣ ከላይ የሚያልፈው እሱ ነበር። እዚህ ዮርክሻየር ማጥ ውስጥ ቆሜ ከቤቴ ጋር የሚያገናኝ ብረት አገኛለሁ ብዬ አልጠበቅኩም።

በስታርቦተን በኩል ስወርድ የቀኝ ጫማዬ ሶል ተላቀቀ። ግማሹ ተንጠልጥሎ ቀረ። በእያንዳንዱ እርምጃ ጧ ጧ ይላል። በማሰሪያዬ ጠፍሬ አስሬው እያነከስኩ መንደሩ ደረስኩ። የመንደሩ መጠጥ ቤት ስሙ «ቀበሮና አዳኝ ውሾች» ነው! በዚያ ቀን ውሾቹን አልወደድኳቸውም። ከዚያ በወንዙ ዳር ወደ በክደን ሜዳ ነው።

ባለቤቷ ጫማዬን ሲያዩ ጓዳ ገብተው ወፍራም ብርማ ፕላስተር ይዘው ወጡ። ቁጭ ብለው በገዛ እጃቸው ሦስት ዙር ጠቀለሉልኝ። እየጠቀለሉ ስለ መስቀሉ ነገሩኝ። ሕፃን እያሉ አባታቸው ይዘዋቸው ወጥተዋል፤ እሳቸውም ልጆቻቸውን አውጥተዋል። «ፖላንዳዊ አውቀው ያውቃሉ?» አልኳቸው። አያውቁም።

ሐሙስ፣ መስከረም 8። ኤልቪንግተን

ከበክደን ስኪፕተን በ3 ፓውንድ ወረድኩ። 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ትናንት ወዲያ ሃያ የከፈልኩበት። ዮርክ ደርሼ መጀመሪያ ያደረግኩት አዲስ ጫማ መግዛት ነው። 64 ፓውንድ። አሮጌውን ከነፕላስተሩ ሻጩ ሲያየው ሳቁን መያዝ አልቻለም።

ኤልቪንግተን ከዮርክ በአውቶቡስ ቅርብ ናት። በጦርነቱ ጊዜ ከዚህች መንደር ይነሱ የነበሩት ፈረንሳዮች ናቸው። በ1944 ሁለት የፈረንሳይ ቡድኖች፣ ጉየንና ቱኒዚ የሚባሉ፣ እዚህ መጡ። በብሪታኒያ የቦምብ ጣይ ዕዝ ውስጥ በከባድ ቦምብ ጣይ የበረሩ የፈረንሳይ ቡድኖች እነሱ ብቻ ናቸው። ብዙዎቹ ከሰሜን አፍሪካ የመጡ ነበሩ። የዮርክሻየር ክረምት ምን እንዳደረጋቸው እኔ አውቃለሁ። የእኔን የመጀመሪያ ክረምት አስታውሳለሁና። መንደሯ ውስጥ መታሰቢያቸው ቆሟል። ሣሩ ታጭዷል። አበባው ትኩስ ነው።

የቀድሞው አየር ማረፊያ ሙዚየም ሆኗል። እዚያ ያለው ሃሊፋክስ አውሮፕላን ታሪኩ ያስቃል። ከጦርነቱ በኋላ ሃሊፋክሶቹ ሁሉ ተቆራርጠው ቀለጡ። አንድ እንኳ ለመታሰቢያ አልተረፈም። እነዚህ ሰዎች ሲፈልጉ ሲፈልጉ ስኮትላንድ፣ ሉዊስ ደሴት ላይ፣ አንድ ገበሬ የአውሮፕላኑን ሆድ የዶሮ ቤት አድርጎት አገኙ። ኩሱን ጠርገው አመጡት። ክንፉን ከሌላ አውሮፕላን ወሰዱ። እንዲህ እየቀጣጠሉ ሙሉ አደረጉት። ስሙን «ዓርብ አሥራ ሦስት» ብለውታል፤ ገደ ቢስ የሚባለውን ቀን በማሾፍ ስሙ አድርጎ 128 ጊዜ ዘምቶ በሰላም የተመለሰ እውነተኛ ሃሊፋክስ ስለነበር።

ከዚህ ብዙም ሳይርቅ ሰተን አፖን ደርወንት የምትባል መንደር አለች። ማርች 1945፣ ጦርነቱ ሊያልቅ ሁለት ወር ሲቀረው፣ የጀርመን ተዋጊ አውሮፕላኖች ከዘመቻ የሚመለሱትን ቦምብ ጣዮች እየተከተሉ እንግሊዝ ድረስ ገቡ። ከእነሱ አንዱ ዝቅ ብሎ ሲበር እዚያ የገበሬ ቤት ላይ ወደቀ። አራቱ ጀርመኖች ሞቱ፤ ከቤቱ ሰዎችም ሦስት። ብሪታኒያ ምድር ላይ የወደቀ የመጨረሻው የጀርመን የጦር አውሮፕላን እሱ ነው ይባላል።

ማታ ዮርክ ውስጥ ፓይ በላሁ። የበሬ ሥጋ በሊጥ ተሸፍኖ፣ ከድንች ጋር፣ 15 ፓውንድ። በርበሬ የሌለበት ሥጋ አሁንም አልለመድኩም። ሰናፍጭ አድርገህ ብላ አሉኝ፤ ረዳኝ።

ዓርብ፣ መስከረም 9። ኒውአርክ፣ ሊንከን

ወደ ሊንከን ስሄድ ባቡር የምቀይረው ኒውአርክ ላይ ነው። ሁለት ሰዓት ክፍተት ነበረኝ፣ ወደ መቃብሩ ሄድኩ። ወደ 400 የሚሆኑ ፖላንዳውያን፣ አብዛኞቹ የአየር ኃይል ሰዎች፣ እዚያ ተኝተዋል። በአካባቢው ብዙ የፖላንድ ቡድኖች የበረሩበት አየር ማረፊያ ስለነበረ ነው። በስደት የነበረው የፖላንድ መንግሥት መሪ ጄኔራል ሲኮርስኪም በ1943 አውሮፕላናቸው ጂብራልታር ላይ ሲወድቅ የተቀበሩት እዚህ ነበር። ሃምሳ ዓመት ቆይተው በ1993 አፅማቸው ክራኮው ገባ። ሌሎቹ ግን ቀርተዋል። መቃብሮቹ ላይ ቀይና ነጭ የሻማ ፋኖሶች አሉ፤ አሁን እንግሊዝ የሚሠሩት ፖላንዳውያን እየመጡ ያበራሉ። ለአገር ሰው የአገር ሰው።

ሊንከን ስትደርሱ ካቴድራሉ ከሩቅ ይታያል። ለአብራሪዎቹም እንደዚያ ነበር፤ ሲነጋ ካቴድራሉን ያየ ተርፌያለሁ ይላል። ወደ እሱ የሚወስደው መንገድ ስሙ ራሱ «ቀጥ ያለ ዳገት» ነው። በአዲሱ ጫማዬ ተረከዜ ተላጠ።

የዓለም አቀፉ የቦምብ ጣይ ዕዝ ማዕከል ከከተማው ማዶ ኮረብታ ላይ ነው። በ2018 ተከፈተ። መሃል ላይ የዛገ ብረት የሚመስል ግንብ ቆሟል፤ ቁመቱ 31.09 ሜትር፣ ልክ የላንካስተር ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ። ዙሪያውን የብረት ግድግዳዎች አሉ። ወደ 58,000 የሚጠጋ ስም በጨረር ተበስቷል። ስሞቹ ሲያልቁ ሌላ ግድግዳ፣ ያ ሲያልቅ ሌላ። ፖላንድ፣ ካናዳ፣ አውስትራሊያ፣ ኒውዚላንድ፣ ጃማይካ። አፍሪካውያንም በርረዋል። ሴራሊዮናዊው ጆኒ ስማይዝ አቅጣጫ መሪ ነበር። በኖቬምበር 1943 ተመትቶ ጀርመን ምርኮኛ ሆነ። ተርፎ አገሩ ተመልሶ ጠቅላይ ዓቃቤ ሕግ ሆኗል።

እዚህ ላይ ያለኝን ልናገር። እኔ የደሴ ልጅ ነኝ። እኛ ቤት አውሮፕላን ሲነሳ መጀመሪያ የሚመጣው ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። የጣሊያን አውሮፕላኖች ከተማዋን ያቃጠሉበት ቀን። ሆስፒታሉ ሳይቀር ተመትቷል። ንጉሡ ራሳቸው መትረየስ ላይ ቆመው የተነሱት ፎቶግራፍ የዚያን ቀን ነው። አያቴ የሰማይ ድምፅ ስትሰማ እስክትሞት ድረስ ትደነግጥ ነበር። ስለዚህ እኔ ቦምብ የሚጥል ሰው ሐውልት ፊት ስቆም ልቤ ሁለት ነው። የጀርመን ከተማ ሃምቡርግ ላይ በጁላይ 1943 በአንድ ሳምንት የቦምብ ድብደባ ከ30,000 በላይ ሰው አለቀ። ድሬስደን በፌብሩዋሪ 1945 ወደ 25,000። ከታች የነበሩትም አያቶች ናቸው።

ማዕከሉን የወደድኩት ይህን ስለማይደብቅ ነው። ከታች የነበሩ ጀርመኖች በድምፃቸው ይናገራሉ። ከላይ የነበሩትም እንዲሁ። አንድ አዛውንት አብራሪ በቪዲዮ ላይ እሳቱን ሲገልጹ ድምፃቸው ይቆረጣል። የእንግሊዝ መንግሥት ራሱ ነገሩ ስለከበደው ለእነዚህ ሰዎች ለብቻቸው የዘመቻ ምልክት የሰጠው በ2013 ነው። ለንደን ላይ ትልቁ ሐውልት የቆመው በ2012። ሬሳቸው ላልተገኘው ቀደም ብሎ ረኒሚድ በሚባል ቦታ ባለው መታሰቢያ ላይ ስማቸው ተጽፏል፣ እውነት ነው። ግን የወደቁበትን ቦታ፣ ያንን ዳገት፣ ያንን እርሻ ያስታወሱት የመንደር ሰዎች ናቸው። ገበሬ፣ የፓርክ ልጅ፣ የተረፈ ተኳሽ። ፖለቲካው እስኪለይለት አልጠበቁም።

ዓርብ ስለሆነ እራቴ ድንችና የተፈጨ አረንጓዴ አተር ሆነ። 5 ፓውንድ። አተሩ ሽሮ አይደለም፣ ግን ዘመድ ነው።

ቅዳሜ፣ መስከረም 10። ኢስት ከርክቢ፣ ዉድሆል ስፓ

ከሊንከን ሆርንካስል በአውቶቡስ፣ ከዚያ ኢስት ከርክቢ በታክሲ፣ 25 ፓውንድ። መንገዱ ጠፍጣፋ ነው። ስንዴው ታጭዶ መሬቱ ጥቁር ሆኗል። ሊንከንሻየር እንዲህ ሜዳ ስለሆነች ነው አየር ማረፊያ የሞላባት።

ኢስት ከርክቢ ላይ ያለውን ላንካስተር ያቆሙት ሁለት ወንድማማቾች ናቸው፣ ፍሬድና ሃሮልድ ፓንተን። ገበሬዎች ነበሩ። ታላቅ ወንድማቸው ክሪስቶፈር ማርች 1944 ኑረምበርግ ላይ ሞተ። በዚያች አንድ ሌሊት 95 ቦምብ ጣዮች ጠፍተዋል፤ ዕዙ በአንድ ሌሊት ከደረሰበት ኪሳራ ሁሉ የከፋው ነው። ወንድማማቾቹ ከዓመታት በኋላ የዶሮ እርባታ ገንዘባቸውን አጠራቅመው የቀድሞውን አየር ማረፊያ ገዙ። በ1983 ደግሞ ላንካስተሩን ራሱን ገዙ። «ጀስት ጄን» ይሉታል። አይበርም፣ ግን አራቱም ሞተሮቹ ይነሳሉ፣ በሜዳው ላይ ይሄዳል።

ያን ቀን ሞተሩን አስነሱት። መጀመሪያ አንዱ አስነጥሶ ጭስ ተፋ። ከዚያ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ አራተኛው። መሬቱ በአዲሱ ጫማዬ ሶል በኩል ተንቀጠቀጠ። ሰዉ ያጨበጭባል፣ ልጆች ጆሯቸውን ይይዛሉ። እኔ አያቴን አሰብኩ። አላጨበጨብኩም። ግን ዓይኔንም ከእሱ ላይ አላነሳሁም።

ዉድሆል ስፓ የመጨረሻዬ ነበረች። ቆንጆ መንደር ናት፣ ጥድ የበዛባት። አደባባዩ ላይ የ617ኛው ቡድን መታሰቢያ በ1987 ቆሟል። ሜይ 1943 የጀርመንን ግድቦች የሰበሩት እነሱ ናቸው። ውኃ ላይ እየነጠረ ሄዶ ግድብ የሚመታውን ቦምብ የነደፈው ያው ባርነስ ዋሊስ ነው። 19 አውሮፕላን ወጥቶ 8ቱ አልተመለሱም። ከ133 ሰው 53 ሞተ። ጎርፉ ደግሞ ከታች ወደ 1,300 ሰው ወሰደ፤ ብዙዎቹ በግዳጅ የመጡ የዩክሬን ሴቶች ናቸው፣ ካምፕ ውስጥ እንደተቆለፉ። መታሰቢያው የተሠራው በተሰበረ ግድብ ቅርጽ ነው። ስሞቹ ግድቡ ላይ ተጽፈዋል።

ይሄኛው አልተዋጠልኝም። ለሞቱት ልጆች ስማቸው ይበቃ ነበር። የሰበሩትን ነገር ቅርጽ ማቆም ለድሉ ነው እንጂ ለእነሱ አይደለም። ፉሽኒያክ በክደን ተራራ ላይ የሠራው ይበልጥብኛል። አጠገቤ አበባ የሚያስተካክሉ ሴት ነበሩ፤ ሐሳቤን ስነግራቸው አልተቆጡም። «ባለቤቴም እንደዚያ ይላል» አሉና ውኃ መቅጃቸውን ይዘው ወደ ሌላው ጎን ዞሩ።

ለመሄድ ለምታስቡ ጥቂት ነገር። በክደን ለመድረስ ከስኪፕተን የሚነሳውን የጠዋቱን አውቶቡስ ያዙ። ከሰዓት ብትተማመኑ ታክሲ ትከፍላላችሁ። ተራራው ላይ ኔትወርክ ስለማይያዝ ካርታውን አስቀድማችሁ ስልካችሁ ላይ አውርዱ። ረግረጉ ጥልቅ ነው፤ ቁርጭምጭሚት የሚይዝ ጫማ አድርጉ፣ ሶሉንም ከመነሳታችሁ በፊት በጣታችሁ ሳብ አድርጋችሁ ፈትሹት። ኢስት ከርክቢ የላንካስተሩን ሞተር የሚያስነሱት በተመረጡ ቀናት ብቻ ስለሆነ ቀኑን አጣርታችሁ ሂዱ። መመለሻ ታክሲያችሁን ደግሞ እንደደረሳችሁ ቅጠሩ፤ ቅዳሜ ከሰዓት በዚያ አካባቢ የሚሠራው ሹፌር ጥቂት ነው፣ እኔን አንድ ሰዓት ተኩል አስጠብቆኛል።